የረመዷን ማዕዳችንና ሁለቱ ጥንቸሎች



ስለ ልጆች ተርቢያ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ኢንሻአላህ ይጻፋል። እኛ ባልና ሚስት ግን ዛሬ ይዘን የቀረብነው የጥንቸል ነገር ነው። «ሰው የሚበላው በተወደደበት ጊዜ ስለ ጥንቸል ምግብ መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚለን ቢኖር አንቀየመውም። ከ2015 ዓ.ል. ረመዷን በፊት ቢሆን እኛም ይህንኑ እንል ነበር።

የምንኖረው ዓለም ጤና ነው። ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ በኩል ወደ መቂና ወደ ባቱ የሄደ ሰው ከተማችንን ያውቃታል። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ሲመላለሱባት ይውላሉ። መሬቱ ሞቃት ነው፤ አቧራውም አይጣል ነው። ውሃ የሚገባበት ማሳ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ይህን የምንነግራችሁ አገራችንን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። ስህተታችን የጀመረው ከዚያው ከአረንጓዴው ስለሆነ ነው።

ትልቋ ልጃችን በዘጠኝ ዓመቷ ጁዝ ዐማን በቃሏ አጠናቀቀች። «ምን እንሸልምሽ?» ስንላት ልብስ ወይም ቦርሳ ትላለች ብለን ነበር። እሷ ግን አዳማ አጎቷ ሰፈር ያየቻቸውን ጥንቸሎች አልረሳችም። እናቷ በመጀመሪያ አልወደደችውም። አባት ግን የአነስ ኢብኑ ማሊክን ታናሽ ወንድም የአቡ ዑመይርን ነገር አነሳ። ያ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሲመጡ ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እናት በዚህ ተረታች። አጎትየው በመስከረም ወር ሁለት ሴት ጥንቸሎች በካርቶን ይዞ መጣ። ነጯ «ጥጥ» ተባለች፤ ግራጫዋ «ዳልቻ»።

የዶሮ ሽቦና ጣውላ ገዝተን ቤት ሠራንላቸው። ስለ ምግባቸው ግን አንድም ሰው አልጠየቅንም። ምኑ ይጠየቃል? ጥንቸል ቅጠል ትበላለች፤ ቅጠል ደግሞ በዓለም ጤና በነፃ ነው። ልጆቹ ከመድረሳ ሲመለሱ ከየማሳው ዳር የተጣለ የሽንኩርት ቅጠልና ፍሬው ያለቀ የቲማቲም ግንድ እየሰበሰቡ ያመጡ ነበር። እናት ደግሞ የጥቅል ጎመን ገፈፋ፣ የደረቀ ዳቦና ከወፍጮ ቤት የመጣ ፉርሽካ ትጨምርበታለች። ካሮት ሲገኝ ካሮት ነው፤ የጥንቸል ምግብ ካሮት መሆኑን ከልጆች የሥዕል መጽሐፍ አይተን የለ! ሣር ግን አንድም ቀን አልሰጠናቸውም። ሣር የበሬና የአህያ ነው ብለን ነበር።

ምልክቱ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በጠጣቸው አንዳንድ ቀን ይለሰልስና ጭራቸው ሥር ይጣበቅ ነበር። ጥጥ አገጯ ይረጥብባት ጀመር። እናት በረጠበ ጨርቅ ጠረገቻቸው፤ እዚያ ላይ ቀረ።

በዚያ ዓመት ረመዷን መጋቢት 14 ቀን ገባ። በኛ አገር ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ቤታችን እንደ ሁላችሁም ቤት በኢፍጣር ሰዓት በሳምቡሳ፣ በተምር፣ በሾርባና በሙሸበክ ይሞላል። ትንሹ ልጃችን ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ከማዕዱ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሲወጣ አይተን «ወዴት ነው?» ስንለው በአንድ እጁ ሳምቡሳ፣ በሌላው ሁለት ፍሬ ተምር ይዟል። «ለጥጥና ለዳልቻ ሰደቃ ልሰጥ ነው» አለን። ሳቅን፤ «ማሻአላህ» አልነው፤ ራሱንም ዳበስነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰደቃው በየምሽቱ ቀጠለ። እህቱም የሙሸበክ ፍርፋሪ ትጨምርለታለች። እንስሳቱ ደግሞ ጣፋጩን ሲያዩ ሌላውን ትተው ወደሱ ይሮጣሉ። የወደዱት ሁሉ የሚበጃቸው መሰለን። ልጆቻችንስ ቢሆኑ ከረሜላና ሽሮ ቢቀርብላቸው የቱን ያስቀድማሉ? ይህን ማሰብ ይገባን ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደን ግን የውሃው ነገር ነው። በሌላው ጊዜ ቀን ላይ ውሃ ስንጠጣ የጥንቸሎቹን ጣሳ እናስታውሳለን። ጾመኞች ስንሆን ግን ቀን ላይ ውሃ የሚባል ነገር ከሐሳባችን ወጣ። ከሱሑር በኋላ የተሞላችው ትንሽ ጣሳ አንዳንዴ ተገልብጣ፣ አንዳንዴ ደርቃ እስከ መግሪብ ትቆይ ነበር። እኛ ለአላህ ብለን ተጠማን። እነሱ ግን በሽቦ ውስጥ ተዘግተው የተጠሙት በኛ ምክንያት ነው።

ረመዷን 22 ቀን፣ ሐሙስ ሚያዝያ 5፣ ልጃችን እየሮጠች መጣች። ጥጥ ከጥግ ተኮማትራ ተቀምጣለች። ሆዷ ተነፍቷል፤ ሲነኩትም እንደ ኳስ ይጠነክራል። የቀረበላትን ሁሉ እምቢ አለች፤ ጥርሷን ታፋጫለች። በማግስቱ ዓርብ የስቅለት በዓል ስለነበር የእንስሳት ክሊኒክ ዝግ ነው። እናት ዓይኗ ልጃችን ቶንሲል ታማ ጊዜ ተርፎ ወደተቀመጠው የአሞክሳሲሊን እንክብል ሄደ። አባትም «ሰውን የጠቀመ እንስሳን አይጎዳም» አለ። እንክብሉን ከፍተን ግማሹን በውሃ በጥብጠን አፏ ውስጥ ጨመርንላት። ማታም ደገምን። ከዚያ ተቅማጥ ያዛት። ቅዳሜ ከዙህር በፊት ሞተች።

ከጓሯችን የኒም ዛፍ ሥር ቀበርናት። ጎረቤታችን ለፋሲካ ዶሮዋን ስትበልት የልጃችንን ልቅሶ ሰምታ ቢላዋዋን ጥላ መጣች። ልጃችን አፈሩን በእጇ እየደመደመች ወደ አባቷ ዞራ፣

«አባ፣ ጥጥን የገደልናት እኛ ነን?» አለች።

«የአላህ ቀድር ነው ልጄ፤ ቀኗ ደርሶ ነው» አላት አባት። እናትም «አዎ፣ ቀድር ነው» አለች። ቃሉ እውነት ነው። እኛ ግን በዚያች ሰዓት ያልነው አምነን ለመጽናናት ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄውን ለመዝጋትም ነበር። ልጃችንም ያወቀችብን ይመስለናል፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ሰኞ ጠዋት ዳልቻም ምግብ እምቢ አለች።

በዚያን ሰዓት የደረሱልን ጎረቤታችን ሽማግሌው ሀጂ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ፣ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጥርሳቸው የቡና መልክ የያዘ አባት ናቸው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ፉርሽካና ዳቦ እያዩ ጥቂት ዝም አሉ።

«ይቺን ነገር በልጅነቴ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ነው የማውቃት» አሉ። «እዚያ ዳቦ ማን ይሰጣት ነበር?»

«ሀጂ፣ ይቺ እኮ የቤት ናት፤ የፈረንጅ ዘር ናት» አልናቸው።

«አፏም የፈረንጅ ነው?» አሉን።

የሜዳዋ ጥንቸልና የቤቷ ጥንቸል በእርግጥ አንድ ዘር አይደሉም። የኛ አገር የሜዳ ጥንቸል ልጆቿን የምትወልደው ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ነው። የቤቷ መነሻዋ ከወደ ስፔይን ሲሆን ዕርቃናቸውን የሆኑ ዕውራን ግልገሎች ትወልዳለች። በምግቡ ነገር ግን ሀጂ ልክ ነበሩ። ሁለቱም የሣር እንስሳት ናቸው።

በዚያው ቀን ዳልቻን በካርቶን ይዘን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሄድን። ልጃችን አብራን ነበረች። ባለሙያው ሆዷን በጣቶቹ እየዳሰሰ፣ ጥርሷንም ገልጦ እያየ «ምን ስትመግቧት ነበር?» ሲል እኛ «ቅጠላ ቅጠል» ብለን ልናልፍ አሰብን። ልጃችን ግን አንድም ሳታስቀር ዘረዘረችው፤ የሽንኩርት ቅጠሉን፣ የቲማቲም ግንዱን፣ ጎመኑን፣ ዳቦውን፣ ሳምቡሳውን፣ ተምሩን፣ ሙሸበኩን። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የኛ አንገት እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ «ለጥጥ ደግሞ የኔን እንክብል ሰጠናት» ስትል ሰውየው እጁን ከካርቶኑ አወጣ።

የነገረንን ሁሉ በዚያ ቀን በቅጡ አልያዝነውም። በኋላ እየተመላለስን ጠይቀን፣ አንብበንም የተረዳነው ይህን ነው።

ጥንቸል እንደ ፍየል አታመሰኳም። ፍየል የዋጠችውን መልሳ ታኝካለች፤ ጥንቸል ግን ምግቧን የሚያብላላላት ከትንሹ አንጀት ቀጥሎ ያለ፣ መጨረሻው ዝግ የሆነ ትልቅ ከረጢት ነው። ዕውር አንጀት ይባላል። በዚያ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ተሕዋስያን አሉ፤ እነሱ የሣሩን ጭረት እያፈራረሱ ምግብ ያደርጉላታል። እነዚህ ተሕዋስያን የለመዱት ሣር ነው። ዳቦ፣ ስኳር፣ ጣፋጭና ዱቄት በብዛት ሲገባባቸው ጠቃሚዎቹ ይመነምኑና ጋዝና መርዝ የሚያመነጩት ይፈላሉ። ሆድ ይነፋል። ጥንቸል ደግሞ አታስመልስም፤ አፈጣጠሯ ለማስመለስ አልተሠራም። የገባው ክፉ ነገር የሚወጣበት መንገድ ወደ ኋላ ብቻ ነው። አንጀቱን እየገፋ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ረጅሙ የሣር ጭረት ነው። ሣር ከሌለ አንጀቱ ይቆማል። ውሃ ከሌለማ በውስጡ ያለው ሁሉ ይደርቃል። ጥንቸል ግማሽ ቀን ሙሉ ሳትበላና በጠጥ ሳትጥል ከዋለች አጣዳፊ ሕመም መሆኑን ያኔ ነው የሰማነው። እኛ ጥጥን ለሁለት ቀን ተኩል አይተናታል።

እንክብሉስ? እዚህ ላይ አንባቢያን በተለይ ልብ በሉልን። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሌሎችም የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ለጥንቸል በአፍ ሲሰጡ በዚያ ከረጢት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይፈጃሉ። ሜዳው ለገዳዮቹ ይለቀቃል። ተቅማጡ የመጣው ከዚያ ነው። በያንዳንዳችን ቤት ከመኝታ ራስጌ መሳቢያ የማይጠፋው ይህ እንክብል ለዚች እንስሳ መርዝ ኖሯል።

ባለሙያው ለዳልቻ መርፌ አልወጋትም። ልቅም ያለ ድርቆሽ ብቻ ፊቷ እንድናደርግ፣ ውሃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጥርሷ ጎን ጠብ ጠብ እያደረግን በየጊዜው እንድናጠጣት፣ ከጥላ እንዳናወጣትና ሆዷን ቀስ ብለን እንድናሽላት ነገረን። ሀጂ ከቤታቸው አንድ እቅፍ ድርቆሽ ላኩ። ያን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ በተራ ስንነሳ አደርን። ለሱሑር ስንነሳ ልጃችን ከጓሮ ጮኸች። ልባችን ቀጥ አለ። ስንደርስ በእጇ መዳፍ ላይ አምስት ፍሬ ደረቅ በጠጥ ይዛ ታሳየናለች! እንደዚያን ቀን በበጠጥ የተደሰተ ቤተሰብ በዓለም ጤና ይኖራል ብለን አናስብም። አልሐምዱ ሊላህ።

የቀረን የልጃችን ጥያቄ ነበር።

እኛ ባልና ሚስት በዚህ ነገር አልተስማማንም ነበር። እናት «ልጅ ናት፤ ተምሩንና ሳምቡሳውን የሰጡት እነሱ ናቸው፤ እውነቱን ብንነግራቸው በራሳቸው ይፈርዳሉ» ትላለች። አባት ደግሞ «ካልነገርናት ቀድርን ለጥፋታችን መሸፈኛ ማድረግ ከኛ ትማራለች» ይላል። ሁለታችንም በመድረሳ ሳለን የተማርነው የድመቲቱ ሐዲስ ይመላለስብን ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ዘግታ፣ ሳትመግባት፣ ከምድር ተሕዋስያንም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለ ገደለችው ሴት ቅጣት የነገሩን ሐዲስ ነው፤ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር ካወሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት ነው። ይህን ሐዲስ ስንሰማ የኖርነው ያቺን ሴት እያሰብን ነው፤ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት እያልን። የኛ ጣሳ ደርቆ ሲውል ጨካኞች አልነበርንም፤ ጾመኞች ነበርን። እንስሳዋ ግን ከሽቦ ውስጥ ሆና ይህን በምን ትለየዋለች?

በዒድ ዋዜማ ሁለቱንም ልጆች አስቀምጠን ነገርናቸው። ልጃችን በጠየቀችበት ቃል ጀመርን። «አዎ፣ የሞተችው በኛ እጅ ነው፤ ውሃውን መመልከት የአባትና የእናት ሥራ ነበር፤ እንክብሉን የሰጠናትም እኛ ነን፤ ሳትጠይቁ አትስጡ ማለት የነበረብንም እኛ ነን» አልናቸው። ቀድር እውነት መሆኑን፣ የተሰጠንን አደራ መጠበቅም እኛ ላይ መሆኑን እንደቻልነው አስረዳን። ትንሹ «የኔ ሰደቃስ?» ብሎ ጠየቀ። እናት አቅፋው «ኒያህን አላህ ያውቀዋል፤ ምግቡን ግን እኛ አላወቅነውም» አለችው። ትልቋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ስለዚህ ዳልቻን ማዳን ይቻላል ማለት ነው» አለች። በዚያ መንገድ አላሰብነውም ነበር።

አሁን እንዴት እንደምንመግባት ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ለማስደሰት ጥንቸል እየገዛ መሆኑን እናያለንና።

ዋናው ድርቆሽ ነው። ከቀኑ ምግቧ ከአምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ ወይም ሣር መሆን አለበት፤ ሌት ተቀን ከፊቷ አይጠፋም። ልኩን ለሚጠይቅ፣ በየቀኑ የራሷን አካል የሚያህል ክምር እንሰጣታለን። ሰርዶ ትወዳለች፤ ዝሆኔ ሣርም ትበላለች። በድርቆሽ መካከል ጥቂት የጤፍ ጭድ ቢገባ አይጎዳም፤ ጭድ ብቻውን ግን ገንቢነት የለውም። ድርቆሹን ከመስጠታችን በፊት እናሸተዋለን። ሻጋታ ከሸተተ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል እንጂ ለእሷ አይሆንም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊተኛው በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚሞርደው ደግሞ ሣር ማኘክ ነው። የጥጥ አገጭ ይረጥብ የነበረው በጥርሷ ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ባለሙያው ነግሮናል። ሀጂ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ጥርስ እያሳዩ «የኔንስ ሣር ይሞርደው ይሆን?» ብለው ልጆቹን አሳቁ።

ከድርቆሹ ቀጥሎ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ እፍኝ ለምለም ቅጠል ታገኛለች። የስኳር ድንች ቅጠል፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ የካሮት ቅጠል ጥሩ ናቸው። ሥሩ ካሮት ራሱ ግን ስኳር ስላለው በሳምንት አንድ ሁለት ቁራጭ ይበቃዋል፤ የሥዕል መጽሐፉ አታሎናል። ጎመንና ቆስጣ አልፎ አልፎ በጥቂቱ እንሰጣለን። ጥቅል ጎመን ሆድ ስለሚነፋ ትተነዋል። አዲስ ቅጠል ስንጀምር በአንድ ጊዜ አናበዛም፤ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን እያስለመድን ነው። የክረምቱ ሣር ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ ድርቆሽ ስትበላ የከረመች ጥንቸል በድንገት በእርጥብ ሣር ላይ ከተለቀቀች ሆዷ ይታወካል።

የማይሰጡትን ደግሞ በኛ አካባቢ መለየት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ዓለም ጤና በነፃ የምትሰጠው በአብዛኛው የማይሰጠውን ነው። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ደሟን ይጎዳል። የቲማቲምና የድንች ቅጠልና ግንድ መርዝነት አላቸው። አቮካዶ፣ ፍሬውም ቅጠሉም፣ ክፉ ነው። ጥሬ ቦሎቄም አይሰጥም። በየመንገዱ ዳር ነጭ አበባ አበባ የሚለው የቅንጬ አረም ለእንስሳት ጠላት ነው፤ ልጆች ለጥንቸል ብለው ከሚያጭዱት ሣር ጋር ይቀላቀላል። ከዚህም ሌላ ማሳው ፀረ ተባይ የሚረጭበት ነው። መቼ እንደተረጨ የማናውቀውን ቅጠል ብናጥበውም አንሰጥም። ልጃችን አሁን ቅጠል ስታመጣ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ከማን ማሳ?» ተብላ ነው። ለራሳችን ወጥ የምንገዛውንስ ማን ጠየቀ? ይህ ሌላ ወሬ ነው፤ ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ።

አንድ ወዳጃችን የዶሮ መኖ እንድንሰጣት መክሮን ነበር። ነገሩ ይቀላል፤ ከሞጆም ከቢሾፍቱም መኖ አይጠፋም። ነገር ግን በአንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ የዶሮን በሽታ ለመከላከል ከሚጨመሩት መድኃኒቶች ውስጥ ጥንቸልን የሚመርዙ አሉ። ስለዚህ አልሞከርነውም። ፉርሽካም አሁን በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም።

ውሃውን ከባድ በሆነ የሸክላ ገበቴ አድርገነዋል፤ አይገለበጥም። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ ይታያል። ጥንቸል አታልበውም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው ከሁሉ በላይ በጆሮዋ ነው። ሙቀት ሲበረታ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለን አጠገቧ እናስቀምጣለን፤ ጎኗን አስጠግታበት ትተኛለች።

እናትን ያስጸየፋት አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ዳልቻ ጎሕ ሲቀድ ጎንበስ ብላ ከራሷ የሚወጣውን ለስላሳ ነገር ስትበላ አየቻት። «ይቺስ አበደች!» ብላ ልትከለክላት ሞከረች። ኋላ እንደተረዳነው ከዕውር አንጀት የሚወጣው ይህ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነገር ከተራው በጠጥ የተለየ ነው። ፕሮቲንና የቢ ወገን ቪታሚኖች አሉበት። ጥንቸል ፍየል በማመስኳት የምታገኘውን በዚህ ታገኘዋለች። ብትከለከል ትጎዳለች። ሱብሓነላህ! እናት አሁንም ፊቷን አዙራ ነው የምታልፈው፤ ግን ተዋታለች።

ሚኒሶታ የምትኖር እህታችን ይህን ታሪክ በስልክ ስንነግራት የሷ ልጆች ጊኒ ፒግ እንደሚያሳድጉ አጫወተችን። ጭራ የሌላት፣ ወፍራም አይጥ የምትመስል፣ የምታፏጭ እንስሳ ናት፤ አገሯ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ነው። የሷም ነገር ከኛዋ ብዙም አይለይ፤ ድርቆሽ ዋና ምግቧ ነው፣ ጥርሷ ያድጋል፣ የፔኒሲሊን እንክብልም ይገድላታል። የምትለየው በአንድ ነገር ነው። ጥንቸል ቪታሚን ሲን በራሷ አካል ትሠራለች፤ ጊኒ ፒግ ግን እንደኛ እንደ ሰዎች አትችልም፤ ከምግብ ካላገኘች ትታመማለች። እህታችን በየቀኑ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ እየቆረጠች ትሰጣታለች። «እኔ ለልጆቼ ያላሰብኩትን ቃሪያ ለሷ አስባለሁ» ብላ ሳቀች።

ጥንቸል ብቻዋን መኖር ስለማይስማማት ከአዳማ ሌላ ሴት አመጣንላት፤ ለጥቂት ሳምንታት በሽቦ ለይተን ካስተዋወቅናቸው በኋላ ተስማሙ። በ2016 ዓ.ል. ረመዷን መጋቢት 2 ቀን ሲገባ ልጃችን ማንም ሳያዛት ሥራውን ከጾም ሰዓት ጋር አስማማችው። ጥንቸል የምትነቃውና የምትበላው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ እኛ ለሱሑር ስንነሳ እሷ ድርቆሽ ትሞላለች፤ በመግሪብ አዛን አንድ ተምር በልታ ቅጠሉን ይዛ ትወጣለች። የቀትሩን ውሃ ግን ለማንም አላስነካችም፤ ከዙህር ሰላት በኋላ ገበቴውን ራሷ አጥባ ትሞላዋለች። ጾመኛ ሆና ውሃ ስትቀዳ ስናያት ዝም እንላለን።

ትንሹም ሰደቃውን አልተወም። በመጀመሪያው የኢፍጣር ምሽት እንደ ልማዱ ከማዕዱ ተነስቶ ወደ በሩ አመራ። በአንድ እጁ ከሀጂ ግቢ ያጨደው ሰርዶ፣ በሌላው እጁ አንድ ሳምቡሳ ይዟል። እህቱ ከበሩ ላይ ሆና ሳምቡሳውን እያየች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ የኔ ነው!» ብሎ እዚያው ቆሞ በላው።